ሳንግክላቡሪ የሚባለው የታይላንድ ወረዳ ምን ዓይነት ቦታ ነው? ማንስ ያስተዳድረዋል?

ጥያቄ፦ «ታናሽ ወንድሜ ታይላንድ ውስጥ ሳንግክላቡሪ በሚባል ወረዳ የኮምፒውተር ሥራ ተገኝቶልሃል ተብሎ በቅርቡ ወደ ባንኮክ ሊበር ነው። ደላላው ‹ቦታው መንግሥት የከለለው የኢኮኖሚ ዞን ነው፣ ከኤርፖርት ብዙም አይርቅም፣ የሥራ ፈቃዱን እዚያው ወረዳው ይጨርስልሃል› ብሎታል። ካርታ ላይ ሳየው ግን በርማ ድንበር ላይ ነው። ለመሆኑ ምን ዓይነት ወረዳ ነው? ችግር ቢገጥመው ሕዝብ ለመረጠው የወረዳ አስተዳዳሪ ማመልከት ይችላል?»

ምላሽ፦ ወረዳው በእርግጥ አለ። ደላላው ስለ ወረዳው ከተናገራቸው ሦስት ነገሮች ግን አንዱም እውነት አይደለም። በካንቻናቡሪ ጠቅላይ ግዛት የተከለለው ልዩ የኢኮኖሚ ዞን የሚገኘው በጠቅላይ ግዛቱ ዋና ከተማ ወረዳ ውስጥ፣ ወደ ባን ፑ ናም ሮን ድንበር በሚወስደው አቅጣጫ ነው፤ ሳንግክላቡሪ ውስጡ የለችም። መንገዱም ቅርብ አይደለም። የሥራ ፈቃድ ደግሞ በታይላንድ የትኛውም ወረዳ አይሰጥም። የወረዳው አስተዳዳሪ በሕዝብ የተመረጠ ነው የሚለው የእርስዎ ግምትም ልክ አይደለም። ይህ ስህተት ክፉ ቀን ሲመጣ የማይሆን በር ስለሚያስንኳኳ ዘርዘር አድርጌ እመለስበታለሁ። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ሳንግክላቡሪ የካንቻናቡሪ ጠቅላይ ግዛት ሰሜን ምዕራብ ጥግ ናት። ጠቅላይ ግዛቱ 13 ወረዳዎች ሲኖሩት ይህ ወረዳ ብቻውን ወደ 3,350 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሸፍናል። ይህን ሁሉ መሬት የሚካፈሉት ግን ሦስት ታምቦኖች ብቻ ናቸው፦ ኖንግ ሉ፣ ፕራንግፕሌ እና ላይ ዎ። ታምቦን ከወረዳ በታች፣ ከመንደር በላይ ያለው እርከን ነው። ቁጥሩ ያነሰው አገሩ ተራራ፣ ደንና ውሃ ስለሆነ፣ ሰውም ሳስቶ ስለሚኖር ነው። በምዕራብ የቴናሴሪም ተራሮች ከምያንማር (ከበርማ) ይለዩታል። በምሥራቅ የቱንግ ያይ ናሬሱዋን የዱር እንስሳት መጠለያ አለ፤ ይህ ደን ከአጎራባቹ ከሁዋይ ካ ካኤንግ ጋር በ1991 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ሶንግካሊያ፣ ቢክሊ እና ራንቲ የሚባሉ ሦስት ወንዞች ከወረዳው ከተማ አጠገብ ተገናኝተው ክዌ ኖይን ይፈጥራሉ። ክዌ ኖይ ወደ ደቡብ ወርዶ ካንቻናቡሪ ከተማ ላይ ከክዌ ያይ ጋር ሲቀላቀል ሜ ክሎንግ ተብሎ ወደ ባሕር ይሄዳል።

መንገዱ ለእርስዎ ጉዳይ ዋናው ነገር ነው። ከባንኮክ እስከ ካንቻናቡሪ ከተማ ወደ 130 ኪሎ ሜትር፣ ከዚያ በአውራ ጎዳና ቁጥር 323 በሳይ ዮክና በቶንግ ፓ ፑም በኩል እስከ ሳንግክላቡሪ ተጨማሪ ወደ 215 ኪሎ ሜትር ነው። ከቶንግ ፓ ፑም በኋላ ያለው 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ሐይቁን እየታከከ የሚጠማዘዝ ዳገትና ቁልቁለት ነው። በግል መኪናም ቢሆን የአምስት ስድስት ሰዓት ጉዞ ነው። በወረዳው የሕዝብ ኤርፖርት የለም፤ ባቡሩም ከብዙ ኪሎ ሜትር በፊት ናም ቶክ ላይ ያበቃል። ቁጥር 323 ከወረዳው ከተማ ሌላ 20 ኪሎ ሜትር ያህል አልፎ የሦስቱ ፓጎዳዎች በር ላይ ይቆማል። ስሙን ሰምቶ ግዙፍ ሐውልት የሚጠብቅ ሰው ያዝናል፤ ቦታው ከባሕር ወለል በላይ 282 ሜትር ላይ ያለ አነስተኛ አደባባይ ሲሆን መሐሉ ላይ ሦስት ትናንሽ ነጫጭ ፓጎዳዎች ተደርድረዋል። ከጎናቸው ኬላው አለ፤ ከኬላው ወዲያ የምያንማሯ ፓያቶንዙ ከተማ ትጀምራለች።

አንድ ነገር ያስተውሉ። በካርታ ላይ ሳንግክላቡሪ በሰሜን ከታክ ጠቅላይ ግዛት የኡምፋንግ ወረዳ ጋር ትዋሰናለች፤ ይሁን እንጂ በደኑ ውስጥ ሁለቱን የሚያገናኝ የሕዝብ መንገድ የለም። ስለዚህ ወንድምዎ ወደ ሳንግክላቡሪ እየተጓዘ ነው ተብሎ መኪናው በናኮን ሳዋንና በታክ በኩል ወደ ሰሜን የሚሄድ ከሆነ የሚወስዱት ወደ ሜ ሶት፣ ከታች ከማነሣቸው የማጭበርበሪያ ካምፖች ፊት ለፊት ወዳለችው የታክ ድንበር ከተማ ነው። ትክክለኛው መንገድ ከባንኮክ ወደ ምዕራብ፣ በናኮን ፓቶም አድርጎ ወደ ካንቻናቡሪ ነው። ስልኩ ላይ ያለውን ካርታ ከፍቶ የከተሞቹን ስም በየሰዓቱ ቢልክልዎ ልዩነቱን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት ያውቁታል።

አካባቢው የድንበር በር ሆኖ የኖረው ዛሬ አይደለም። የበርማ ነገሥታት ሠራዊት ወደ ሲያም (ወደ ዛሬዋ ታይላንድ) ሲዘምት ደጋግሞ የተጠቀመበት መተላለፊያ ይህ ነበር፤ በ1785 የንጉሥ ቦዳውፓያ ጦር አንዱ ክንፍ የገባው በዚሁ ነው። ባንኮክ በሩን የምታስጠብቀው እዚያው ባሉት በካረንና በሞን ሕዝቦች ነበር። የሳንግክላቡሪ የካረን ባላባቶች ፕራ ሲ ሱዋናኪሪ የሚል ማዕረግ ከንጉሡ እየተቀበሉ ድንበሩን ሲጠብቁ፣ የጠላትን እንቅስቃሴ ሲያሳውቁ ኖረዋል። ከ1892 እስከ 1915 የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት ልዑል ዳምሮንግ ነባር ገዢዎችን በደመወዝተኛ ሹማምንት ሲተኩ ይህም ድንበር በማዕከሉ ሥር ገባ። አስተዳዳሪው ዛሬም ከባንኮክ የሚሾመው ከዚያ ዘመን በወረደ ሥርዓት ነው።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጃፓኖች ከታይላንድ ወደ በርማ 415 ኪሎ ሜትር የባቡር ሐዲድ በዚህ በር በኩል ዘረጉ። ሥራው በ1942 ተጀምሮ የሁለቱ ወገን ሐዲዶች በጥቅምት 1943 ኮንኮይታ በተባለ ቦታ ተገናኙ። ከ12,000 በላይ የተባበሩት ኃይሎች ምርኮኞች አልቀዋል፤ ከበርማ፣ ከማላያና ከጃቫ ተግዘው የመጡት የእስያ ሠራተኞች ሞት ደግሞ ብዙ አሥር ሺዎችን ይቆጥራል። ከእነዚህ ሠራተኞች ብዙዎቹ ጥሩ ደመወዝ አለ ተብለው በማታለል የመጡ መሆናቸው እርስዎ ባሉበት ሁኔታ ላለ ሰው ሊታወስ የሚገባው ነው። ከጦርነቱ በኋላ በድንበሩ በኩል ያለው ሐዲድ ተነቀለ፤ መሥመሩ በ1958 የተከፈተው እስከ ናም ቶክ ብቻ ነው።

የዛሬዋን ሳንግክላቡሪ የሠራት ግን ግድቡ ነው። ግንባታው በ1979 በቶንግ ፓ ፑም ወረዳ ተጀምሮ በ1984 ውሃ መያዝ ጀመረ፤ በ1986 ተመረቀ። በፊት ካኦ ሌም ይባል ነበር፤ ከ2001 ወዲህ ስሙ ቫጂራሎንግኮርን ግድብ ነው። ቁመቱ 92 ሜትር፣ ርዝመቱ 1,019 ሜትር፣ የማመንጨት አቅሙ 300 ሜጋ ዋት ነው። ሐይቁ ሲሞላ ወደ 388 ካሬ ኪሎ ሜትር ይተኛል፤ ያን ጊዜ የነበረውን የወረዳ ከተማ፣ ሦስቱ ወንዞች በሚገናኙበት የነበረውን ቤተ መቅደስና የቀረውን የባቡር መስመር ውጦታል። በበጋ ውሃው ሲሸሽ የድሮው ቤተ መቅደስ ግድግዳና የደወል ማማው እርቃናቸውን ይወጣሉ፤ በክረምት ሰው በጀልባ በላያቸው ይዞራል። አሁን የምትታየው ከተማ በ1980ዎቹ ከፍ ባለ ቦታ ላይ የተቆረቆረች ናት።

በከተማዋ ፊት ለፊት፣ ከውሃው ማዶ፣ የሞኖች መንደር ዋንግ ካ አለ። ሞኖቹ የበርማን ጦርነት ሸሽተው በ1940ዎቹ መጨረሻና ከዚያ በኋላ ሲመጡ ያሰባሰቧቸው በ1949 ወደ ታይላንድ የተሻገሩት፣ በ2006 ያረፉት መነኩሴ ሉዋንግ ፖ ኡታማ ናቸው። ከተማዋ ስትሰጥም የታይ መታወቂያ ያልነበራቸው ሞኖች ምትክ መሬት የመጠየቅ መብት ስላልነበራቸው በአዲሱ ቤተ መቅደስ ዙሪያ ሰፈሩ። ሁለቱን ዳርቻ የሚያገናኘውን ረጅሙን የእንጨት ድልድይ በመነኩሴው መሪነት በገዛ እጃቸው ሠሩት። በሐምሌ 2013 ጎርፍና ግንድ መሐሉን ሰብሮት በጥቅምት 2014 እንደገና ተከፍቷል። ንጋት ላይ ፊታቸውን ታናካ በሚባል የእንጨት ቅባት የቀቡ ሴቶች ትሪ በራሳቸው ተሸክመው ሲሻገሩ፣ መነኮሳቱም ምጽዋት ሲቀበሉ ይታያሉ። የወረዳው ገቢ ከዚህ ድልድይ ጎብኚዎች፣ ከሐይቁ ዓሣ፣ ከእርሻና ከድንበር ንግድ ነው። ከአዲስ አበባ የኮምፒውተር ሠራተኛ በአውሮፕላን አስመጥቶ የሚቀጥር ድርጅት የሚከትምበት አገር አይደለም።

የአስተዳደሩ ነገር እንዲህ ነው። የታይላንድ ወረዳ፣ በእነሱ አጠራር አምፎ፣ ምክር ቤት የለውም፤ በሕግ ፊትም ራሱን የቻለ ሰውነት የለውም፤ ያ ያለው ጠቅላይ ግዛቱ ነው። የወረዳው ሹም ናይ አምፎ ይባላል። የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር የሚሾመው፣ የሚያዛውረው የመንግሥት ሠራተኛ ሲሆን አለቃው እንደሱ የተሾመው የጠቅላይ ግዛቱ ገዢ ነው። ምክትሎቹ ፓላት ይባላሉ። ሥራቸው የልደትና የቤት ምዝገባ፣ መታወቂያ፣ የመንደር አለቆችን ማስመረጥና መቆጣጠር፣ የሚሊሻ በጎ ፈቃደኞችን ማዘዝ፣ ቅሬታ መቀበል ነው። ከነሱ በታች በ1914 በወጣውና ብዙ ጊዜ በተሻሻለው ሕግ መሠረት እያንዳንዱ መንደር በነዋሪዎቹ የሚመረጥ ፑ ያይ ባን አለው፤ ከመንደር አለቆቹ አንዱ የታምቦኑ ካምናን ይሆናል። የመንደር አለቃ አንዴ ከተመረጠ በየጊዜው እየተገመገመ እስከ 60 ዓመቱ ይቆያል።

በየአራት ዓመቱ የሚመረጡት ሌሎች ናቸው። በሳንግክላቡሪ አንድ ማዘጋጃ ቤት አለ፤ ስሙ ዋንግ ካ ሲሆን የኖንግ ሉን ከፊል ያስተዳድራል። ከእሱ ውጭ ያለውን ሦስቱ የታምቦን አስተዳደር ድርጅቶች ይይዙታል። እነዚህ ከንቲባና ምክር ቤት አላቸው፤ ቆሻሻ፣ የውስጥ መንገድ፣ የመንደር ውሃና መዋዕለ ሕፃናት የእነሱ ነው። እነሱም ቢሆኑ እጃቸው ታስሯል፤ ለምሳሌ የላይ ዎ የካረን መንደሮች በቱንግ ያይ መጠለያ ውስጥ ስላሉ ጥርጊያ መንገድ ለማሻሻል እንኳ የብሔራዊ ፓርኮች መሥሪያ ቤት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ በክረምትም መኪና ጨርሶ የማይገባባቸው ሳምንታት አሉ። የሐይቁ ጉዳይ ደግሞ የኤሌክትሪክ ባለሥልጣኑ ነው።

ፖሊሱ ለወረዳው ሹም አይታዘዝም። የሳንግክላቡሪ ጣቢያ ተጠሪነቱ በራሱ በፖሊሱ መሥመር ለክልል 7 የፖሊስ ዕዝ ነው። ኢሚግሬሽን የራሱ ቢሮ አለው። ድንበሩን የሚጠብቀው የሠራዊቱ የሱራሲ ግብረ ኃይል ነው። የውጭ ዜጋ የሥራ ፈቃድ የሚሰጠው የሠራተኛ ሚኒስቴር የቅጥር መሥሪያ ቤት ነው፤ ለዚያውም ቀድሞ ለሥራ የሚሆን ቪዛ ኖሮት ለገባ፣ ቀጣሪው ስሙን ጠርቶ ላመለከተለት ሰው። በቱሪስት ቪዛም ሆነ ኤርፖርት ላይ በሚሰጥ ቪዛ መሥራት ክልክል ነው። በድንበር ወረዳዎች በማለፊያ ወረቀት ገብቶ ለመሥራት የሚያስችል ልዩ አሠራር አለ፤ እሱ ግን ለጎረቤት አገር ዜጎች ብቻ ነው። ደላላው «ወረዳው ይጨርስልሃል» ሲል ይህን አሠራር ሰምቶ አጣምሞት ሊሆን ይችላል፤ ኢትዮጵያዊን አይመለከትም።

ናይ አምፎ ትልቅ ሥልጣን ያለው በአንድ ነገር ላይ ነው፤ እሱም የዜግነትና የነዋሪነት ምዝገባ። በሳንግክላቡሪ ዜግነት የሌላቸው ሞኖችና ካረኖች ብዙ ናቸው። በታኅሣሥ 1972 የወጣው 337ኛ አዋጅ ከስደተኛ ወላጆች ታይላንድ ውስጥ ለተወለዱት ዜግነትን ነሣቸው፤ በ2008 የተሻሻለው የዜግነት ሕግ ይህን ሲያርም ማመልከቻውን የሚያየው ወረዳው እንዲሆን አደረገ። ባለ 13 አሃዝ የመታወቂያ ቁጥራቸው በ0፣ በ6 ወይም በ7 የሚጀምር ሰዎች ከተመደቡበት አካባቢ ለመራቅ የወረዳ ፈቃድ ወረቀት ይጠየቃሉ። በቁጥር 323 ላይ ኬላ የበዛውም አንድም በዚህ፣ አንድም ከድንበር በሚሾልከው ሰውና ዕቃ ምክንያት ነው። ወንድምዎ በዚያ መንገድ ቢሄድ ፓስፖርቱን ደጋግመው ይጠይቁታል። ፓስፖርቱ በሾፌሩ ወይም በአስተናጋጁ እጅ ከሆነ ያ ራሱ የአደጋ ምልክት ነው፤ ኬላው ላይ ወርዶ ለመናገር ከዚያ የተሻለ ቦታ አያገኝም።

አሁን ወደ ዋናው ስጋቴ። የሦስቱ ፓጎዳዎች በር ዓለም አቀፍ መግቢያ አይደለም፤ የሌላ አገር ዜጋ ፓስፖርት አስመትቶ አይሻገርበትም። ፓያቶንዙ ከካዪን ግዛት ነች፤ በየካቲት 1990 የበርማ ሠራዊት የሞን ታጣቂዎችን ከዚያ ካስለቀቀ ወዲህም የታጣቂዎችና የኮንትሮባንድ ቀጠና ሆና ኖራለች። በ2025 የካቲት 5 ቀን የታይላንድ መንግሥት ሰው በግድ ተይዞ ሌሎችን በኢንተርኔት እንዲያጭበረብር የሚደረግባቸውን ካምፖች ለማዳከም ወደ ምያንማር የሚሻገር ኤሌክትሪክ በአምስት ቦታዎች ሲቆርጥ ከአምስቱ አንዱ የሦስቱ ፓጎዳዎች በር ነበር። በዚያው ወር በታክ ድንበር በኩል ከካምፖቹ ወጥተው ለታይላንድ ከተሰጡት የመጀመሪያዎቹ 260 ሰዎች ከግማሽ በላይ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። አብዛኞቹ የተነገራቸው ወንድምዎ የተነገረው ዓይነት ነበር፤ ታይላንድ፣ ኮምፒውተር፣ ጥሩ ደመወዝ።

ስለዚህ ምክሬ አንድ ነው፤ አይብረር። «ሄዶ አይቶ ይመለስ» የሚባል አማራጭ የለም፤ ወሰኑ ከተሻገረ መመለስ በእሱ እጅ አይሆንም። ደላላው ከተከራከረ ሦስት ወረቀት ይጠይቁት፦ በሥራና ክህሎት ሚኒስቴር የተመዘገበ ውል፣ በታይላንድ ኤምባሲ የተሰጠ የሥራ ቪዛ፣ የቀጣሪው ሙሉ አድራሻ። እውነተኛ የታይ አድራሻ የቤት ቁጥር፣ የመንደር ቁጥር፣ ታምቦን፣ አምፎና ጠቅላይ ግዛት አለው፤ የሳንግክላቡሪ የፖስታ ቁጥር 71240 ነው። «ሳንግክላቡሪ፣ ድንበሩ አጠገብ» ብሎ የሚያቆም አድራሻ ባዶ ነው። የታይ ሰነዶች ዓመት በቡድሃ አቆጣጠር ስለሚጻፍ 543 ቀንሰው እ.ኤ.አ. ያድርጉት፤ 2568 ማለት 2025 ነው። በ66 የሚጀምር ስልክ ስለደወለ ብቻ ታይላንድ ውስጥ ነው ብለው አይመኑ፤ የታይ ሲም ካርድ ከድንበሩ ወዲያም ይሠራል።

ምናልባት ይህን ሲያነቡ ተሳፍሮ ከሆነ፣ ባንኮክ እንደደረሰ ወደ ማንም መኪና ሳይገባ ኤርፖርቱ ውስጥ ይቆይና ለቱሪስት ፖሊስ በ1155 ይደውል። ሰው የሚነግዱ ወገኖች እጅ መግባቱ ከተጠረጠረ የማኅበራዊ ልማት ሚኒስቴር መስመር 1300 ነው። 1567 የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር የቅሬታ መስመር ሲሆን ጥቆማው ወደ ወረዳው የሚወርደው በዚያ ነው። ሳንግክላቡሪ ገብቶ ገና ካልተሻገረ የወረዳው ጽሕፈት ቤትና ፖሊስ ጣቢያው ሁለቱም ከተማው ውስጥ ናቸው፤ ወደ ሁለቱም ገብቶ መናገር ይችላል። ከተሻገረ ግን ናይ አምፎው ሊያደርግለት የሚችለው ነገር ትንሽ ነው፤ ሥልጣኑ ኬላው ላይ ያበቃል፤ ጉዳዩም በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴሮችና በሁለቱ ሠራዊቶች የድንበር ኮሚቴ በኩል ብቻ ይሄዳል። ያን ጊዜ በመጀመሪያው ቀን ለውጭ ጉዳይ ሚኒስቴራችን በጽሑፍ ያመልክቱ፤ አቤቱታው በስልክ ብቻ እንዳይቀር።

ወደ ታይላንድ የተመለሰ ሰው የሰዎች ንግድ ሰለባ መሆን አለመሆኑን የሚለይ ምርመራ ይደረግለታል፤ መረጋጊያውና ምርመራው እስከ 45 ቀን ሊወስድ ይችላል። ሰለባ ነው ከተባለ ጥበቃ ያገኛል፤ ካልተባለ በሕገወጥ መግባት ተከስሶ ይባረራል። ልዩነቱን የሚያመጣው መጀመሪያ የተናገረው ቃልና ማስረጃው ነው፦ እንዴት እንደተታለለ፣ ፓስፖርቱን ማን እንደወሰደበት፣ በምን አስፈራርተው እንዳሠሩት። የአማርኛ አስተርጓሚ በድንበር ወረዳ በቀላሉ አይገኝም። ስለዚህ ከአሁኑ የፓስፖርቱን ገጽ፣ የአውሮፕላን ትኬቱን፣ ከደላላው ጋር የተጻጻፋቸውን መልዕክቶች ሁሉና የከፈለበትን ደረሰኝ ፎቶ አንስተው፣ አንድ ገጽ የእንግሊዝኛ ማጠቃለያ ጨምረው በእርስዎ እጅ ያስቀምጡ። በእሱ ስልክ ላይ ያለው ቀድሞ የሚጠፋው ነው።